ለሊኑክስ ከርነል ፓች ስለመላክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ፖሊ ግቢም ሆነ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚችል ተማሪ የሊኑክስ እምብርት በሆነው ከርነል ላይ ስሕተት አግኝቶ ዝም ብሎ የሚያልፈው ብዙ ጊዜ ኮዱ ከብዶት አይደለም። ፓች፣ ማለትም የኮድ ማስተካከያ፣ ስለ መላክ የሰማው ወሬ ነው የሚያስቀረው።

«ጊትሃብ ላይ ፑል ሪኩዌስት እከፍታለሁ»

ጊትሃብ ላይ ያለው የሊኑክስ ፈጣሪ የሊኑስ ቶርቫልድስ ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) ቅጂ ብቻ ነው። እዚያ የተከፈተ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም «ለውጤን ተቀበሉኝ» የሚል ጥያቄ፣ ሰሚ የለውም። የከርነል ሥራ የሚሄደው በኢሜይል ነው፤ የኮድ ለውጥ መከታተያው ጊት ራሱ በ2005 እ.ኤ.አ. የተፈጠረው ለዚሁ ከርነል ስለሆነ መላኪያውም አብሮት አለ። ጊት ፎርማት-ፓች ፋይሉን ያዘጋጃል፣ ጊት ሴንድ-ኢሜይል ይልከዋል።

ከጂሜይል ገጽ ላይ መለጠፍ ግን አይሆንም። የከርነል ኮድ የሚገባው በታብ ነው፤ ጂሜይል ታቡን ስፔስ ያደርገዋል፣ ረጅሙንም መስመር ይሰብረዋል፤ ያ ፓች ተቀባዩ ጋ ሲደርስ እንቢ ይላል። ኤችቲኤምኤል ከሆነማ ሰርቨሩ ራሱ ይመልሰዋል። ጂሜይል ያለው ሰው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ከፍቶ፣ አፕ ፓስዎርድ አውጥቶ ለሴንድ-ኢሜይል ይስጥ። መጀመሪያ ለራሱ ይላክ፤ የደረሰውን ጥሬ መልእክት አውርዶ ንጹሕ ብራንች (የኮዱ ቅርንጫፍ) ላይ፣ ፓችን ከኢሜይል ወደ ኮዱ በሚያስገባው በጊት ኤኤም ይሞክረው። ራሱ ጋ ከሠራ ሌላውም ጋ ይሠራል። የሚጠቀመው ዋይፋይ የመላኪያ ፖርቱን ዘግቶ ከሆነ፣ ቢ4 የሚባለው መሣሪያ በድር በኩል ማሳለፊያ አለው።

«ሊኑስ ራሱ ያየዋል»

በቀጥታ አይደርሰውም። እያንዳንዱ የከርነል ክፍል የራሱ ኃላፊ፣ ማለትም ሜንቴይነር አለው። ጌት-ሜንቴይነር የተባለው ስክሪፕት ፓቹን ሲሰጡት ለማን መላክ እንዳለበት አድራሻውን ይዘረዝራል። ሊኑስ ጋ የሚደርሰው ሜንቴይነሩ ተቀብሎ ከሌሎች ጋር ጠቅልሎ ሲያቀርበው ነው። አዲስ ከርነል በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ይወጣል፤ ሊኑስ አዲሱን ሥራ የሚሰበስበው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ነው። ያኔ ሜንቴይነሮቹ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ አስቸኳይ ካልሆነ እነዚያን ቀናት ማሳለፍ ይሻላል።

«ውድ ማሽንና የማያልቅ ዳታ ይፈልጋል»

ማሽኑ ወሬ ነው፤ ዳታው ግን እውነት ነው፣ መላ አለው እንጂ። ሙሉው የከርነል ታሪክ በጊጋባይቶች ይቆጠራል፤ ጊት ክሎን፣ ማለትም ሪፖውን ማውረድ፣ መሃል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ እንደገና ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ቡሬ ላይ መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ሲጠፋ የወረደው ሁሉ ከንቱ ነው። ብዙ ሰው ታሪኩን በዴፕዝ 1 ቆርጦ፣ የመጨረሻውን ብቻ ያወርዳል። ለመኮምፓይል (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ለመቀየር) ይበቃል፤ ግን ስሕተቱ በየትኛው ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) እንደገባ በጊት ብሌም ማየት አይቻልም፣ ያ ደግሞ ኋላ ይፈለጋል። የሚሻለው ከርነል ዶት ኦርግ ያስቀመጠውን ክሎን ዶት ባንድል የተባለ አንድ ፋይል ደብልዩጌት በተባለው ማውረጃ፣ ማይነስ ሲ ጨምሮ ማውረድ ነው፤ ሲቋረጥ ከቆመበት ይቀጥላል። ከፋይሉ ክሎን ይደረጋል፣ የሪሞቱ (የምንጩ) አድራሻ ወደ ከርነል ዶት ኦርግ ይቀየራል፣ የቀረው ትንሽ ነገር በፑል ይመጣል።

ኮምፓይሉን የሚያረዝመው ማንም የማይጠቀምባቸው ሞጁሎች፣ ማለትም በተፈለጉ ጊዜ የሚጫኑ የከርነል ቁራጮች፣ ብዛት ነው። ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ የተባለው ትእዛዝ አሁን ላፕቶፑ ላይ የተጫኑትን ብቻ ያስቀራል። ከማዘዝዎ በፊት ፍላሹንም፣ ፕሪንተሩንም፣ የዩኤስቢ ኔትወርኩንም ይሰኩ፤ ያልተሰካው ነገር ሞጁሉ ተቆርጦ ይቀራል። ሜክ ራሱ ከቆመበት መቀጠል ይችላል፤ ነገር ግን መብራቱ በድንገት ሲሄድ ገና የተጻፈ ዶት ኦ (ከኮምፓይል የወጣ) ፋይል ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላልና ፋይሎቹን የሚያገናኘው ሊንከር ፎርማቱን አላውቀውም ብሎ ይቆማል። መጠናቸው 0 የሆኑትን ዶት ኦ ፋይሎች በፋይንድ ፈልጎ ማጥፋትና መቀጠል ነው እንጂ፣ ሜክ ክሊን ብሎ የሰዓታት ሥራ መጣል የለም። መሞከሪያውም ላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር የሚፈጥረው ኪውኤምዩ ነው፤ የሚሠሩበት ላፕቶፕ አይነካም።

«ቼክፓች ካለፈ አለቀ»

ቼክፓች የተባለው የከርነሉ መፈተሻ ስክሪፕት የሚያየው የፓቹን መልክ ነው። ሜንቴይነሩ መጀመሪያ የሚያነበው መግለጫውን ነው፤ ብዙ ፓች የሚመለሰውም እዚያ ላይ ነው። ርእሱ የክፍሉን ስም፣ ሁለት ነጥብና ለውጡን በ75 ፊደል ውስጥ ይይዛል። ከሥሩ የሚጻፈው «ለምን» ነው። «ስሕተት አስተካከልኩ» ማለት ምንም አለማለት ነው። «ሁለተኛው የሜሞሪ ጥያቄ ሳይሳካ ሲቀር ፋንክሽኑ የመጀመሪያውን ሳይለቅ ይመለሳል፤ ስለዚህ መሣሪያው በተሰካ ቁጥር ሜሞሪ ይባክናል» የሚል ግን አንባቢውን ከኮዱ በፊት ያሳምነዋል። ቀጥሎ የፊክስስ መስመር፦ ስሕተቱን ያመጣው ኮሚት መለያ የመጀመሪያ 12 ፊደላትና የኮሚቱ ርእስ። የተቆረጠው ታሪክ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው።

መጨረሻ ላይ ሳይንድ-ኦፍ-ባይ አለ። ይህ ኮዱን ለመላክ መብት አለኝ የሚል ማረጋገጫ ነው፤ የቅጽል ስም ቦታ አይደለም። «ላስት ኔም የለኝም» ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ስም ከነአባት ስም ይበቃል። ብቻ አጻጻፉ አንድ ይሁን፦ ቃልኪዳን አንዴ በኬ፣ አንዴ በኪው ከተጻፈ ላኪውና ፈራሚው ሌላ ሰው ይመስላሉ፣ ቼክፓችም ይጮኻል።

«እርማት ካበዙብኝ አልፈለጉኝም»

በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ቆጥሮ ለመምህሩ የነገረ የቅኔ ተማሪ ስንቴ እንደሚታረም ለጎጃም ሰው አይነገርም። ባለሁለት መስመር ፓችም ሦስት አራት ጊዜ ይመለሳል። መልሱ የሚጻፈው ከጥያቄው ሥር ነው፤ ሁሉንም ጥያቄ ከላይ በአንድ አንቀጽ መመለስ አይወደድም። የታረመው «ቪ2» ተብሎ ይላካል፣ ምን እንደተለወጠም ፓቹ ውስጥ ካሉት ሦስት ሰረዞች (---) በታች ይገለጻል፤ እዚያ የተጻፈ ወደ ኮሚቱ አይገባም። በአንድ ቀን ሦስት ሥሪት መላክ ግን ሰው ያሰለቻል። መልስ ከጠፋ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለት ጠብቆ በትሕትና ማስታወስ ይቻላል።

«አማርኛ በሊኑክስ እንዲሻሻል ከርነሉ ይነካ»

የአማርኛ ኪቦርድ ከከርነሉ ውጭ ባሉት በኤክስኬቢና በአይባስ፣ የፊደሉ መልክ በፎንቱ ነው የሚስተካከለው፤ ከርነሉ የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ ብቻ ነው የሚያውቀው። ከርነሉን የሚመለከተው ጽሑፍ ብቻ የሚታይበት ጥቁሩ ኮንሶል ነው፤ የዚያ ፎንት ከ512 በላይ ቅርጽ አይዝም። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ። ከርነሉ ሰከንድ ይቆጥራል፣ ቆጠራውም የጀመረው በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ያንን ወደ ጳጉሜን የሚመልሰው ከላዩ ያለ ፕሮግራም ነው።