መንገድ ላይ የጠፋው ሳሙና፦ ማስታወስና መርሳት

ልጅ ሆኜ ደሴ ውስጥ እናቴ ሱቅ ስትልከኝ መንገዱን ሁሉ «ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙና» እያልኩ ነበር የምሮጠው። መሃል ላይ አንዲት ጎረቤት ታገኘኛለች። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሰላምታ በአንድ ቃል አያልቅም። እናትህ ደህና ናት? አባትህስ? ትምህርትስ? «አልሐምዱሊላህ» ብዬ ሳበቃ ጨውና ክብሪቱ አሉ፣ ሳሙናው የለም።

ሥነ ልቦና ለዚህ መልስ አለው። ሪቻርድ አትኪንሰንና ሪቻርድ ሺፍሪን እ.ኤ.አ. በ1968 ባቀረቡት ሞዴል ትውስታ ሦስት ክፍል አለው። አንዱ ዓይንና ጆሮ ያመጡትን ለቅጽበት ይይዛል። ሁለተኛው፣ የአጭር ጊዜ ትውስታ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ያቆያል። ሦስተኛው የረጅም ጊዜው ነው። የአጭር ጊዜው ጠባብ ነው፤ ጆርጅ ሚለር በ1956 ሰባት ነገር፣ ቢበዛ ዘጠኝ፣ ቢያንስ አምስት ይይዛል ብሎ ነበር። የኋለኞቹ ተመራማሪዎች ወደ አራት ዝቅ አድርገውታል። ባለ 10 አኃዝ ስልክ ቁጥር ስንናገር እየከፋፈልን የምንጠራው ወደን አይደለም።

በአፍ ካልተደጋገመ ይተናል። ሎይድና ማርጋሬት ፒተርሰን በ1959 ሰዎችን ሦስት ፊደል አስይዘው ወዲያው ቁጥር ወደ ኋላ አስቆጠሯቸው። በ18 ሰከንድ ውስጥ አብዛኛው ጠፋ። የጎረቤታችን ሰላምታ የሠራው ይህንኑ ነው።

የመርሳትን ፍጥነት መጀመሪያ የለካው ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ነው። ትርጉም የሌላቸው የፊደል ጥምሮች እየደረደረ ራሱ ላይ ሞከረ፤ ውጤቱን በ1885 አሳተመ። ከተማረው ከግማሽ በላዩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሄዳል። በማግስቱ የሚቀረው ሲሶ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ግን መጥፋቱ ይዘገያል፤ ከወር በኋላም ከአምስት አንድ ያህሉ አለ።

ለምን ይጠፋል? አንዳንዶች በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል ይላሉ። ሌሎች አዲሱ አሮጌውን ይጋፋዋል ባይ ናቸው። ጄንኪንስና ዳለንባክ በ1924 ከጥናት በኋላ የተኙ ሰዎች ነቅተው ከዋሉት ያነሰ እንደሚረሱ አሳይተዋል። ጊዜ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ባላዳነን። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን ሦስተኛው ሐሳብ ነው፦ ነገሩ አለ፣ የጠፋው ወደ እሱ የሚመራው ፍንጭ ነው። «ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር» የምንለው ያኔ ነው።

ይህን ለማየት መንዙማ የሚያውቁ አንድ አዛውንት ዘንድ መቀመጥ ይበቃል። ከመሃል አንድ ስንኝ ይበሉልኝ ብትሏቸው ይቸገራሉ። «ቆይ፣ አብሽር» ብለው ከአዝማቹ ይነሳሉ። ድቤው ይመታል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ ያ የጠፋው ስንኝ ተራውን ጠብቆ ይወጣል። ቤት መምታቱ ራሱ ፍንጭ ነው፤ መድረሻው ፊደል ከታወቀ የሚገባው ቃል ጥቂት ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ተረቱን የተረተው ሰው መንዙማ በሚባልበት ሐድራ ላይ አምሽቶ አያውቅም መሰለኝ።

ቁርኣን የሚሐፍዙት (በቃል የሚይዙት) ልጆችም ሆኑ የዋድላ ቅኔ ተማሪዎች ያለፈውን በቃል ይከልሳሉ። ሮዲገርና ካርፒኬ በ2006 ያገኙት ከዚህ ይገጥማል። ደጋግሞ ማንበብ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ለሚመጣ ፈተና ይሻላል። ከሳምንት በኋላ ግን ወረቀቱን ዘግተው በቃላቸው ለማስታወስ የሞከሩት ይበልጣሉ።

የያዝነውም ቢሆን እንዳለ አይቀመጥም። ፍሬድሪክ ባርትሌት በ1932 እንዳስረዳው፣ ስናስታውስ ነገሩን እንደ አዲስ እንሠራዋለን፤ ጎዶሎውን በምናውቀው እንሞላለን። ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 ሰዎችን የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። መኪኖቹ «ተላተሙ» ተብለው የተጠየቁት፣ «ተነካኩ» ከተባሉት ይልቅ ፍጥነቱን ከፍ አድርገው ገመቱ።

ሁለት አጎቶቼ ስለ 1977 ዓ.ም. ድርቅ ባወሩ ቁጥር ይጨቃጨቃሉ። አንዱ አባታቸው በሬውን የሸጡት ባቲ ነው ይላል። ሌላው ኮምቦልቻ ነው፣ እኔ ራሴ ነድቼዋለሁ ይላል። ሁለቱም «ወላሂ» ብለው ይምላሉ። እናቴ ቡናውን እየቀዳች በሬው መቼ ተሸጠ ትላለች።