ቡናው ስንት ደቂቃ ይቆላ? ስለ ሪስፖንስ ሰርፌስ

ፒያሳ ቡና የሚቆላበት በር ላይ ትንሽ ቆም በል። ቆይው ልጅ ሁለት ነገር በእጁ ነው፤ እሳቱና ደቂቃው። ሲያንስ ቡናው ይጎመዝዛል፣ ሲበዛ ያርራል። መሃል ላይ አንድ ጥሩ ቦታ አለ። ያንን ቦታ በጥቂት ሙከራና በስሌት የመፈለግ ዘዴ ሪስፖንስ ሰርፌስ ይባላል፤ አምስት ኪሎ ኬሚካል ምህንድስና ለሚማር ልጅ ስሙ አዲስ አይደለም።

ዘዴውን በ1951 እ.ኤ.አ. ያወጡት የስታቲስቲክስ ሰው ጆርጅ ቦክስና ኬሚስቱ ዊልሰን ናቸው። ከኬሚካል ፋብሪካ የመጣ ነገር ነው፤ እዚያ እያንዳንዱ ሙከራ ገንዘብ ይበላል።

ክረምት ላይ አራት ኪሎ ቆመህ ጉም ቢውጥህና እንጦጦ መውጣት ብትፈልግ ምን ታደርጋለህ? እግርህ ሥር ያለውን ዳገት እያየህ በጣም ሽቅብ ወደሚለው ትሄዳለህ። እዚህም እንደዚያው ነው። ዳገቱ ሲለዝብ ጫፉ ቀርቧል ማለት ነው፤ ያኔ ጎበጥ ያለ ቀመር ትጠቀማለህ። ለእሳትና ለደቂቃ የተለመደው ንድፍ 13 ሙከራ ነው፦ 4 እሳትና ደቂቃን ጎን አድርገህ በምትስለው ካሬ ማዕዘን፣ 4 ከካሬው ወጣ ብለው፣ 5 መሃሉ ላይ። መሃሉ የሚደጋገመው ለከንቱ አይደለም፤ ቀማሹ ለዚያው ለአንዱ ቡና ራሱ ስንት ዓይነት ነጥብ እንደሚሰጥ የምታውቀው ከእሱ ነው።

አሁን እሳቱን ተወውና ቀመሩ እንዲህ ወጣ እንበል፦ ነጥብ = 2 + 1.2 × ደቂቃ − 0.05 × ደቂቃ ካሬ። ጫፉ 1.2ን ለ0.05 እጥፍ ማካፈል ነው፤ 12 ደቂቃ፣ ከ10 9.2። በ11 ደቂቃስ? 9.15። ይቺን ልዩነት የሚቀምስ ምላስ ካለ አሳዩኝ! ደግሞ 0.05 ራሱ ግምት ነው፤ ሌላው ባለበት ሆኖ 0.04 ቢሆን ጫፉ 15 ደቂቃ ላይ ይሄዳል። እና «12.37 ደቂቃ ተገኘ» ብሎ ጽፎ ከጎኑ ወሰን የማያስቀምጥ ሰው ያናድደኛል። ቦክስና ሌላው የስታቲስቲክስ ሰው ሀንተር እኮ በ1954 የጫፉን ቦታ መተማመኛ ክልል፣ ማለትም ጫፉ ከየት እስከ የት ሊሆን እንደሚችል፣ ማስያ አውጥተዋል።

ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲሆን ሌላም ወጥመድ አለ፤ ስሌቱ የሰጠህ ቦታ ጫፍ ሳይሆን ኮርቻ ሊሆን ይችላል። ፈረስ ላይ ተቀምጠህ አስበው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሽቅብ ነው፣ ወደ ጎንና ጎን ቁልቁል። ሶፍትዌሩ ዝም ብሎ ቁጥሩን ያወጣልሃል።

የቀረው መቁላት ነው። በ12 ደቂቃ ሦስት ጊዜ፣ በ11ም ሦስት ጊዜ ቆልተህ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳትናገር ስኒዎቹን ለቀማሾቹ ታቀርባለህ።