የፍላጎት እርከን ሲባል ምን ማለት ነው?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር አብርሃም ማስሎው እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ ሰውን ለጥረት የሚያነሳሱትን መሠረታዊ ፍላጎቶች ከታች ወደ ላይ በአምስት እርከን ከፍሏቸዋል፤ እነርሱም ምግብና ውሃን የመሰሉ አካላዊ ፍላጎቶች፣ ደኅንነት፣ ፍቅርና የአባልነት ስሜት፣ መከበር፣ በመጨረሻም ሰው ሊሆን የሚችለውን መሆን ናቸው። ብዙዎች ይህን እንደ መሰላል ስለሚረዱት የታችኛው ሙሉ በሙሉ ካልተሟላ የላይኛው አይታሰብም ይላሉ። ማስሎው ግን እንዲህ አላለም። በዚያው ጽሑፍ ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ሰው አካላዊ ፍላጎቱ 85 በመቶ፣ ደኅንነቱ 70፣ ፍቅሩ 50፣ መከበሩ 40፣ የመጨረሻው ደግሞ 10 በመቶ ተሟልቶለት ሊኖር እንደሚችል አስቀምጧል።

በቡድን ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ኑሮዋ ከእጅ ወደ አፍ የሆነ እናት ከቤት ወጪዋ ቀንሳ የእድር መዋጮዋን በየወሩ ሳታጓድል የምትከፍለው፣ ሐዘን ሲደርስባት ድንኳን የሚተክልላትና አብሯት የሚያመሽ ሰው እንደማታጣ ስለምታውቅ ነው። ያ መዋጮ ደኅንነትንም አባልነትንም በአንድ ጊዜ ያሟላል፤ እድሩን ለዘመናት ያጸናውም፣ በእኔ እምነት፣ ይኸው ነው።

ሌላው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ክሌይተን አልደርፈር እ.ኤ.አ. በ1969 አምስቱን የማስሎው ፍላጎቶች ወደ ህልውና፣ ግንኙነትና እድገት ሲያጠቃልል አንድ ጠቃሚ ነጥብ አክሏል፦ የላይኛው ፍላጎት መንገድ ሲዘጋበት ሰው ወደ ታችኛው ተመልሶ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ የእድገት በር የተዘጋባቸው ሠራተኞች በደመወዝና በአበል ላይ ብቻ ሲከራከሩ አለቃው ስግብግብነት ነው ብሎ ከመፍረዱ በፊት የዘጋውን በር ሊመረምር ይገባል።