«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እና የቺፕ ፍልሚያ

ዕድር ሲቋቋም ይነሳል። ደቦ ሲጠራ ይነሳል። የሰፈር ሰው ለመንገድ ገንዘብ ሲያዋጣ አንዱ ሽማግሌ «ድር ቢያብር...» ብለው ሲጀምሩ የተቀመጠው ሁሉ ይጨርስላቸዋል።

ድር ሲባል ብዙ ሰው ሸረሪቷን ያስባል። ያም ያስኬዳል። እኔ ግን ወደ ሸማኔው አደላለሁ። ድር ሸማኔ በቁመት የሚዘረጋው ፈትል ነው፤ በመወርወሪያ አግድም የሚገባው ማግ ይባላል። ሽሮ ሜዳ ከሸማኔ ቤት ጎራ ካላችሁ አንድ ክር ለይታችሁ ሳብ አድርጉት፤ እጃችሁ ላይ ብጥስ ይላል። ብዙው አንድ ላይ ሲገመድ ግን በሬ ይታሰርበታል። አንበሳው ደግሞ በእኛ ዘንድ ተራ አውሬ አይደለም፤ የንጉሥ ምልክት ነው። እንግዲህ የአባባሉ ፍቺ ደካሞች ከተባበሩ ጉልበተኛውን ይይዙታል ነው። «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለውም የቅርብ ዘመዱ ነው።

አሜሪካና ቻይና በቺፕ ሲጓተቱ ባየሁ ቁጥር ይህ አባባል ይመጣብኛል። ምክንያቱም ቺፕ፣ ማለትም የስልክና የኮምፒውተር አንጎል የሆነው ቁራጭ፣ ራሱ በድርና ማግ የተሠራ ነው። ረቂቅ ቺፖችን የሚያትመውን ማሽን እንመልከት። ሠሪው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ኔዘርላንድስ ፌልድሆቨን ከተማ ያለው ኤኤስኤምኤል። ማሽኑ ውስጥ የቀለጠ ቆርቆሮ በሴኮንድ 50,000 ጊዜ ይንጠባጠባል። እያንዳንዷ ጠብታ ሁለቴ በሌዘር ትመታለች። ከዚያ በዓይን የማይታይ፣ የሞገድ ርዝመቱ 13.5 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) የሆነ ብርሃን ይወጣል። ይህን ብርሃን አየር እንኳ ስለሚውጠው ሥራው ሁሉ አየር በሌለበት ነው የሚካሄደው። ሌዘሩ የጀርመኑ ትሩምፍ ነው። መስተዋቱ የጀርመኑ ዛይስ ነው። የብርሃኑ ምንጭ የዳበረው አሜሪካ ሳን ዲዬጎ ነው። ብርሃኑ የሚጽፍበት ኬሚካል በአብዛኛው ከጃፓን ይመጣል። ማሽኑን ገዝቶ ከሁሉ በላይ የተካነበት ደግሞ የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ ነው። አንዱ ክር ቢጎድል ሸማው አይወጣም።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2022 አሜሪካ ረቂቅ ቺፖችና መሥሪያዎቻቸው ወደ ቻይና እንዳይሄዱ ጥብቅ ገደብ አወጣች። ብቻዋን ግን አንድ ክር ናት። የጃፓንና የኔዘርላንድስ ኩባንያዎች መሸጣቸውን ከቀጠሉ ገደቡ ወንፊት ነው። ስለዚህ ሁለቱን አግባባች። ጃፓን በጁላይ 2023 በ23 ዓይነት መሣሪያዎች ላይ ቁጥጥር ጣለች። ኔዘርላንድስ በሴፕቴምበር ተከተለች። ድሩ አበረ።

እዚህ ላይ ግን ምሳሌው እንደ ሽማግሌዎቹ አይሄድም። በዕድሩ ጊዜ የሚያብሩት ደካሞች ናቸው። እዚህ ድሩን የሚገምደው ራሱ ሌላ አንበሳ ነው፣ ያውም በሰው ክር። የታሰረውም ዝም አላለም። ከኦገስት 1 ቀን 2023 ጀምሮ ቻይና ለቺፕ ሥራ የሚፈለጉትን ጋሊየምና ጀርማኒየም የተባሉ ማዕድናት ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ አደረገች። የዓለም ጋሊየም ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመረተው እዚያው ቻይና ነው። በዚያው ወር መጨረሻ የቻይናው ሁዋዌ በአገር ውስጥ የተሠራ፣ 7 ናኖሜትር የሚባል ረቂቅ ቺፕ ያለበት ስልክ ይዞ ብቅ አለ። ማሰሪያው ገና ሳይጠብቅ አንበሳው ገመዱን ማላመጥ ጀምሯል ማለት ነው።

ለእኔ የአባባሉ ቁልፍ «ቢ» ናት። ድር አበረ አይልም፤ ቢያብር ነው የሚለው። ክሩም የራሱ እንጀራ አለው። ኤኤስኤምኤል እጅግ ረቂቁን ማሽን ለቻይና ሸጦ አያውቅም፤ የቆዩትን ዓይነቶች ግን ይሸጣል፣ በ2024 ደግሞ ከጠቅላላ ሽያጩ ከሲሶ በላይ የመጣው ከቻይና ነው። ዋሽንግተን ገመዱን ጠበቅ ለማድረግ በፈለገች ቁጥር ፌልድሆቨን ላይ የሚያቅማሙት ለዚህ ነው።