አለርት ጋ ነው ሰፈሬ

«ሰፈርሽ የት ነው?» ይሉኛል። «አለርት ጋ» እላለሁ፤ በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቀው የአዲስ አበባው ሆስፒታል ጋ ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ የምትመጣዋን ዝምታ ለምጃታለሁ። ዛሬ ግን ዝም አልልም።

«አለርት በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተ የውጭ ሰዎች ሆስፒታል ነው» የሚል አለ። በ1958 የመጣው ስሙ ነው። አለርት ማለት የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል የሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ ምህፃረ ቃል ነው። ሆስፒታሉ ግን ከጣሊያን ወረራ በፊትም ነበር፤ በወጣትነቷ በሞተችው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ይጠራ ነበር። ሰፈራችን ዘነበወርቅ የተባለውም ከዚያው ነው። ያኔ ቦታው ከከተማ ውጭ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ሰዎች አገራቸው መመለስ ሲከብዳቸው ግቢውን ተጠግተው ጎጆ ቀለሱ። ሰፈሩን ያቀኑት እነሱ ናቸው።

«በዘር ይወርዳል፣ በመጨባበጥ ይተላለፋል።» ሁለቱም ስህተት ነው። የሥጋ ደዌ የሚመጣው በባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያውን በ1873 እ.ኤ.አ. ያገኘው ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለው የምርምር ተቋም በስሙ ይጠራል። በሽታው የሚተላለፈው ሕክምና ካልጀመረ ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ በቅርብ ሲኖሩ፣ በትንፋሽ ነው። ያውም የአብዛኛው ሰው ሰውነት በራሱ ይከላከለዋል። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ በስድስት ወር ወይም በዓመት ያድናል።

በጣም የሚያናድደኝ «ጣት እየተቆረጠ ይወድቃል» የሚባለው ነው። በሽታው የሚጎዳው ነርቭን ነው። እጅ ሙቀትና ሕመም መለየት ያቆማል። ጎረቤታችን እማማ ከዳኑ ብዙ ዓመታቸው ነው፤ የሞተው ስሜት ግን አልተመለሰም። ጀበናውን ከከሰሉ ላይ የሚያነሱት በወፍራም ጨርቅ ነው፤ ቢያቃጥላቸው እጃቸው አይነግራቸውማ። ማታ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፉና ቅባት ይቀባሉ። ከዚያ መብራት ሥር እያገላበጡ ቁስል ይፈልጋሉ። ሳይታይ የቆየ ቁስል ያመረቅዛል፣ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ጣትም ቀስ በቀስ ያጥራል። ነገሩ ይኸው ነው።

«አለርት የሚሄደው የሥጋ ደዌ ያለበት ብቻ ነው» ለሚሉም፦ ዛሬ ለቆዳ፣ ለዓይን፣ ለቀዶ ጥገናና ለድንገተኛ አደጋ ስንቱ ይሰለፋል!

አንድ ተረት ደግሞ አለን፤ «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚል። እኔ እማማ በእጃቸው የፈተፈቱትን ፍትፍት እየበላሁ ነው ያደግሁት። እስከ ዛሬም ያጎርሱኛል።