የከባድ ተሽከርካሪ መሪ ጥገና በኮምቦልቻና በደሴ

የከባድ ተሽከርካሪ መሪ ጥገና የሚባለው ከሹፌሩ መዳፍ እስከ ፊት ጎማዎች ድረስ ያሉትን ክፍሎች በሙሉ መፈተሽ፣ ያለቁትን መለወጥና የቀሩትን በልካቸው ማስተካከል ነው። በኮምቦልቻና በደሴ ይህ ሥራ በእጅጉ የሚፈለግበት ምክንያት ከመልክዓ ምድሩ ይነሣል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ደሴ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች፤ ሁለቱን የሚያገናኘው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ ሐረጎ በሚባለው ቦታ ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያና መቀሌ የሚዘልቀው መንገድ ሁለቱንም ከተሞች ያቋርጣል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው በባቲ በኩል ወደ አፋር ቆላ ወርዶ ሚሌ ላይ ከጅቡቲ መንገድ ጋር ይገናኛል። በዚህ የተነሣ ባለ ተሳቢው የጭነት መኪና፣ ቦቴው፣ አገር አቋራጩ አውቶቡስ፣ ሲኖትራኩና አይሱዙው ሁሉ አቀበቱን ከመያዙ በፊት ወይም ቁልቁለቱን ከጨረሰ በኋላ በእነዚህ ከተሞች ጋራዦች ደጃፍ ይቆማል።

በእነዚህ ተሽከርካሪዎች ላይ በብዛት የሚገኘው የመሪ ሳጥን የብረት ኳሶች የሚንከባለሉበት ዓይነት ነው። ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር ዘንጉ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ ብሎን ያዞራል፤ በብሎኑና በላዩ በሚሄደው ትልቅ ዳዶ መካከል ኳሶቹ ስለሚንከባለሉ ዳዶው ያለ ብዙ ሰበቃ ወዲያና ወዲህ ይጓዛል፤ የዳዶው ጥርስም ከሳጥኑ ወደ ውጭ የሚወጣውን አጭር ዘንግ ያዞራል። በዚህ ዘንግ ጫፍ የታሰረው፣ ፒትማን አርም የሚባለው ክንድ ድራግሊንክ የተባለውን ረጅም ብረት ይገፋል ወይም ይስባል፤ ድራግሊንኩ የአንዱን ጎማ ክንድ ሲያንቀሳቅስ፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዘው ታይሮድ የተባለው ብረት እንቅስቃሴውን ወደ ሌላው ጎማ ያሻግራል። ጎማዎቹ የሚዞሩት በፊት አክስሉ (ጎማዎቹን በሚይዘው አግዳሚ ብረት) ሁለት ጫፎች በቆሙት፣ ኪንግፒን በሚባሉ ወፍራም ፒኖች ዙሪያ ነው። ሞተሩ የሚያንቀሳቅሰው ፖምፓ ደግሞ ዘይት እየገፋ የሹፌሩን ጉልበት ያግዛል። የዘይቱ ግፊት ከ100 ባር በላይ ሊደርስ ስለሚችል፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ የሚያፈስ ቱቦን በእጅ እየዳበሱ መፈለግ ቆዳን በስቶ ሊገባ የሚችል አደጋ አለው።

ቁልቁለቱ መሪን የሚጎዳው በተለየ መንገድ ነው። ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና ከደሴ ሲወርድ፣ ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት አክስሉ ይጫናል፤ በዚያው ቅጽበት ጠመዝማዛው መንገድ ጎማውን ብዙ እንዲያዞር ያስገድደዋል። ኪንግፒኑና በዙሪያው ያሉት ቦኮላዎች (ቀለበት መሰል ማስገቢያዎች) ከፍተኛውን ጫና የሚሸከሙት ጭነትና መዞር በተገናኙበት በዚህ ጊዜ ነው። ወደ ሚሌ በሚወረድበት ጊዜ ደግሞ ሙቀቱ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ ያረጁ ጉሚኒዎች (ዘይት የሚያግዱ ማሸጊያዎች) ከሳጥኑና ከፖምፓው ዘይት ማልቀስ ይጀምራሉ። በክረምት በታይሮዱና በድራግሊንኩ ጫፎች ያሉት የኳስ መገጣጠሚያዎች ሽፋን ከተቀደደ ጭቃ ከግራሶው (ከማለስለሻው ቅባት) ጋር ተቀላቅሎ ኳሱን ይሞርደዋል።

ባለ መኪናው ብዙውን ጊዜ ወደ ጋራዥ የሚመጣው «መሪው ላላ» ብሎ ነው። እዚህ ላይ ጥሩ መካኒክ ከደካማው የሚለይበት ነገር አለ። ደካማው በቀጥታ ወደ መሪ ሳጥኑ ሄዶ የማስተካከያ ብሎኑን ያጠብቃል፤ ለጊዜው መሪው ጠንከር ስለሚል ሹፌሩ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ያለቀው መገጣጠሚያ ግን ከነአደጋው እንደነበረ ነው። ትክክለኛው ምርመራ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ መጀመሪያ ጎማውና ነፋሱ፣ ቀጥሎ የጎማው ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ)ና ኪንግፒኑ፣ ከዚያ ታይሮዱና ድራግሊንኩ፣ በመጨረሻም ሳጥኑ ይታያል። ይህ ቅደም ተከተል በተለይ በዚህ ቁልቁለት የሰው ሕይወት የሚጠበቅበት ስለሆነ በችኮላ የሚዘለል አይደለም።

ፈተናው ሲካሄድ መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ረዳቱ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ መሪውን በጥቂቱ ግራና ቀኝ ያወዛውዛል። መካኒኩ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ድጋፍና በታኮ ከተያዘው መኪና ሥር ገብቶ መዳፉን በየመገጣጠሚያው ላይ ያሳርፋል፤ አንዱ ብረት ተንቀሳቅሶ ቀጣዩ ዘግየት ካለ ክፍተቱ በዚያ መካከል እንዳለ ጣቱ ይነግረዋል። ጎማዎቹ መንቀሳቀስ እስኪጀምሩ መሪው ያለ ሥራ የሚዞረው ልክ ከ10 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ማለትም 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መሪ ጠርዝ ላይ ከ4 ሳንቲ ሜትር ካለፈ፣ ብዙ ጊዜ ከሚፈቀደው ወሰን እንደወጣ ይቆጠራል።

የኪንግፒን ምርመራ የራሱ ብልሃት አለው። አክስሉ ተነሥቶ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ መወዛወዝ ከታየ፣ ጥፋቱ የኩሽኔታ ወይም የኪንግፒን ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ረዳቱ ፍሬኑን እንዲረግጥ ይደረጋል፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማውና በኪንግፒኑ ላይ የሚዞረው አቃፊው አንድ ላይ ስለሚታሰሩ፣ መወዛወዙ ከጠፋ ኩሽኔታው፣ ካልጠፋ ኪንግፒኑ ነው። ለኪንግፒን ግራሶ የሚሰጠውም አክስሉ ተነሥቶ ነው፤ መኪናው በጎማው ቆሞ ከሆነ ክብደቱን የሚሸከመው የታችኛው ኩሽኔታ ተጭኖ ስለሚቆይ ግራሶው ውስጡ አይገባም። አሮጌው ግራሶ ተገፍቶ አዲሱ እስኪታይ መስጠት ያስፈልጋል።

ሳጥኑ ራሱ መስተካከል ካለበት ድራግሊንኩ ከፒትማን አርሙ ይፈታል፤ መሪው ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ተዞሮ መካከሉ ይገኛል። ጥርሶቹ እጅግ የሚቀራረቡት በመካከሉ፣ ማለትም መኪናው ቀጥ ብሎ በሚሄድበት ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ብሎኑ የሚጠብቀው እዚያው ላይ ሆኖ ክፍተቱ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ መቆለፊያ ዳዶው ይታሰራል። ጎማው በተጠመዘዘበት የተጠበቀ ሳጥን መካከሉ ላይ ሲደርስ ይይዛል። ከልኩ በላይ የጠበቀ ሳጥንም ከመታጠፊያ ሲወጡ መሪው በራሱ እንዳይመለስ ያደርገዋል፤ በሐረጎ ተከታታይ ጠመዝማዛ ላይ ይህ ከመላላት የማይተናነስ ጉዳት አለው።

የዘይቱ ክፍል በአንጻሩ ቀላል ነው። ዘይትና ፊልትሮ በጊዜው ይለወጣሉ፤ አየር ለማስወጣት አክስሉ ተነሥቶ፣ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ፣ መሪው በቀስታ ከጥግ እስከ ጥግ ይዞራል፤ በመያዣው ውስጥ ያለው ዘይት አረፋ ሲያቆም ሥራው አልቋል። መሪውን ጥግ ላይ ይዞ ከጥቂት ሰከንድ በላይ መቆየት ዘይቱን ስለሚያፈላ ፖምፓውን ይጎዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል ነው። ዘመናዊ የአላይመንት መሣሪያ በሌለበት ጋራዥ በጠመኔና በሜትር በጥንቃቄ መሥራት ይቻላል። አክስሉ ተነሥቶ ጎማው እየተሽከረከረ በጥርሱ መካከል ቀጭን መሥመር ይሠመርበታል፤ መኪናው ወርዶ ጥቂት ከተንቀሳቀሰ በኋላ በሁለቱ መሥመሮች መካከል ያለው ርቀት ከፊትም ከኋላም በጎማው እምብርት ከፍታ ላይ ይለካል። ለብዙ የጭነት መኪናዎች የፊቱ ርቀት ከኋላው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሊያንስ ይገባል፤ ትክክለኛውን ልክ የሚወስነው የአምራቹ መጽሐፍ ነው። የታይሮዱ አንድ ጫፍ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ስለሚጠብቅ፣ ማሰሪያዎቹ ላልተው ቧንቧውን ማዞር ብቻ ርቀቱን ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል። አቅጣጫው የተሳሳተ መኪና የፊት ጎማውን ባንድ ወገን ይበላዋል። የኪንግፒኑ ወደ ኋላ መዘንበል ሲያስፈልግ በባላስትራው (ተደራርቦ በታሰረው የብረት ሞላ)ና በአክስሉ መካከል በሚገባ ሽብልቅ ይስተካከላል። አክስሉን በእሳት አግሎ ማጠፍ ግን የብረቱን ጥንካሬ ስለሚያጠፋ ፈጽሞ አይፈቀድም።

የመሪ ችግር የሚመስሉ፣ ነገር ግን ከመሪው ውጭ ያሉ ጥፋቶች ብዙ ናቸው። የባላስትራ ፔርኖ (ማያያዣ ፒን) ሲያልቅ ወይም ባላስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚይዙት ብሎኖች ሲላሉ አክስሉ ራሱ ይንሸራተታል፤ የኋላ አክስል ከመሥመሩ ከወጣ መኪናው በጎን ስለሚገፋ ሹፌሩ መሪውን ሁልጊዜ አጣሞ ለመያዝ ይገደዳል። ጎታቹና ተሳቢው የሚጋጠሙበት ሳህን ግራሶ ሲያጣ ተሳቢው በቀላሉ ስለማይዞር ከፊት ያለው መኪና ከመታጠፊያ በኋላ አልቀና ይላል። አፍሪካን በየብስ የሚያቋርጡ ተጓዦች የሚነዷቸው ትልልቅ የመኖሪያ ተሽከርካሪዎች በጭነት መኪና ወይም በአውቶቡስ ሻንሲ ላይ የሚሠሩ ስለሆኑ ጥገናቸው ያው ነው፤ ሆኖም የውኃ ታንኩ፣ ባትሪውና ወጥ ቤቱ ዘወትር የማይወርድ ጭነት በመሆናቸው ከአላይመንት በፊት የእያንዳንዱ ጎን ክብደት መታወቁ ይጠቅማል።

የመሪ ክንድ፣ ፒትማን አርምና ታይሮድ ሲሰነጠቁ በብየዳ አይጠገኑም፤ ይለወጣሉ። ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግደው የኮፒሊያ (የመቆለፊያ ሽቦ) ቀዳዳ ከዳዶው ጋር ካልገጠመ ዳዶው ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ይጠብቃል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም፤ ኮፒሊያውም አዲስ መሆን አለበት። የዓመቱ ቦሎ ምርመራ መሪን የሚያይ ቢሆንም፣ ያ ፍተሻ በዓመት አንድ ጊዜ ስለሚደረግ በየጉዞው የሚደረገውን የሹፌር ምርመራ አይተካም። ጥገናው ሲያልቅ መኪናው መጀመሪያ በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ባዶውን ይነዳል፤ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ መመለሱ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን አለመሳቡና በፍጥነት አለመንቀጥቀጡ ይታያል። ከዚያ ጭነት ይዞ ወደ ባቲም ሆነ ወደ ደሴ ከሄደ፣ ሲመለስ የተነካኩት ዳዶዎችና የታይሮዱ ማሰሪያዎች በሙሉ እንደገና በቁልፍ ይፈተሻሉ።