ወፍ ስለመመገብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ወፍ የማይጠፋባት ከተማ ናት። ደኑ ቅርብ ነው፣ ዝናቡ ብዙ ነው፣ ቡናው የሚያድገውም በዋንዛና በሳሳ ጥላ ሥር ነው። ግቢ ውስጥ ጥቂት እህል ሲበተን እርግቡ፣ ዋኔው፣ ድንቢጡ ወዲያው ከች ይላል። ሕፃን አዋቂው ሥራውን ትቶ ያያል። ይህ ደስታ እንዲቀጥል እፈልጋለሁ። ግን ስለ መመገቡ ከሚነገረው ብዙው ልክ አይደለም። አንዳንዱ ወፎቹን ይጎዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሰውን በከንቱ ያስፈራል።

«ወፍ መመገብ የፈረንጅ ነገር ነው»

አይደለም። ለእርግብ እህል መበተን እኛም ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ እንደ ሰደቃ የሚያዩትም አሉ። እንዲያውም ፈረንጁ ለወፎቹ ከሚገዛቸው ተወዳጅ ዘሮች አንዱ የኛው ኑግ ነው። ከኢትዮጵያና ከህንድ ተጭኖ ይሄዳል። አሜሪካ የምታስገባው አብሮት የሚመጣ የአረም ዘር እንዳይበቅል በሙቀት ከታከመ በኋላ ነው። ኑግ ቅባቱ ብዙ ስለሆነ ለትንንሽ ወፎች ትልቅ ጉልበት ይሰጣል። ስለዚህ የተለየ መኖ ፍለጋ አትድከሙ። ከገበያ የተገዛ ኑግ፣ ዳጉሳ ወይም ማሽላ በቂ ነው። ያልተቆላና ጨው ያልነካው ይሁን።

«ትራፊ ከሚጣል ለወፍ ቢሰጥ ይሻላል»

ሐሳቡ የደግ ሰው ሐሳብ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ሁላችንም ቤት አለ።

ከዳቦ እንጀምር። ዳቦ መርዝ አይደለም፤ ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ገንቢነቱ አነስተኛ ነው። በዳቦ የጠገበች ወፍ ነፍሳትና ዘር መፈለጓን ትተዋለች። ወጥ የነካው እንጀራ ደግሞ ይብሳል። ሰው በርበሬው ያቃጥላታል ብሎ ይሰጋል፤ በርበሬው ግን ወፍን አይረብሻትም። እኛን የሚያቃጥለን ንጥረ ነገር እሷን እንደኛ አይሰማትም። ጫካ ውስጥ የሚበቅሉ የሚጥሚጣ ዓይነቶችን ፍሬ በልተው ዘሩን የሚያሰራጩት ወፎች ናቸው። ጉዳቱ ያለው ጨው ላይ ነው። የትንሽ ወፍ ሰውነት ለእኛ ምንም የማይመስለንን የጨው መጠን አይችልም። ወተትም አይሆንም፤ ወፍ የወተትን ስኳር መፍጨት አትችልም። ጥሬ ቦሎቄም እንዲሁ መርዛማ ነው።

አቮካዶ ላይ ቆም ልበል፤ ጅማ ውስጥ በወቅቱ እንደ ልብ የሚገኝ ፍሬ ነውና። አቮካዶ ፐርሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። በቤት የሚረቡ በቀቀኖችና ካናሪ የሚባሉ ትንንሽ ወፎች በልተውት ይሞታሉ። ሁሉም ወፍ እኩል አይጎዳም፤ ቢሆንም ልጣጩንም ሆነ ሥጋውን ለወፍ አታስቀምጡ። የቡና አተላም ከእህል ጋር አይቀላቀል፤ ካፌይን የወፍን ልብ ይጎዳል። ፍራፍሬ መስጠት ካማራችሁ የበሰለ ሙዝና ፓፓያ አለላችሁ።

«ትንሽ የሻገተ እህል ለወፍ ምንም አይላትም»

እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮዎች በአጭር ጊዜ አለቁ። ምክንያቱ ሲጣራ መኗቸው ውስጥ የነበረው የሻገተ ለውዝ ሆነ። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ የታወቀው በዚያ ነው። በጅማ ክረምት እህል ውጭ ካደረ ይረጥባል፣ ከረጠበ ይሻግታል። በአንድ ጠዋት የሚያልቀውን ብቻ አውጡ፤ የተረፈውን ጥረጉ።

«ከለመዱ ራሳቸውን መመገብ ያቅታቸዋል»

ይህን ጥያቄ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ አጥንተውታል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ታትሟል። ለዓመታት በሰው ሲመገቡ የኖሩ ትንንሽ ወፎች መኖው በክረምት ሲነሳባቸው እንዳልለመዱት ወፎች እኩል በሕይወት ቆይተዋል። ያውም በበረዶ! ጅማ ላይ ሾላው፣ ዋንዛው፣ ነፍሳቱ ባለበት ወፍ በእናንተ ሳህን ላይ ብቻ አትኖርም። ለአንድ ሳምንት ዘመድ ጥየቃ ብትሄዱ አትጨነቁ።

«ግሪሳ ትጠሩብናላችሁ»

የጎረቤት ስጋት ነው፤ አልፈርድበትም። ግሪሳ የገበሬን ማሽላ በአንድ ጀምበር እንደሚያወድም ሁሉም ሰምቷል። ግን ግሪሳ በዋናነት የቆላ ወፍ ነው፤ በብዙ ሺህ ሆኖ በመንጋ ይጓዛል። ግቢያችሁ ዛፍ ላይ ጎጆ የምትጎነጉነው ቢጫ ወፍ ዘመዱ ብትሆንም ሌላ ናት።

«ውሃ ካስቀመጥን ወባ እንጠራለን»

የቆመ ውሃ መፍራት ልክ ነው። የወባ ትንኝ ግን ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር አንድ ሳምንት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋታል። ውሃው በየቀኑ ከተደፋ አትደርስም። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ደግሞ ውሃ ከእህል በላይ ወፍ ይጠራል። ዕቃው ጠለቅ ያላለ፣ ሦስት አራት ጣት የማይሞላ ይሁን።

«ከዶሮዎቹ ጋር አብረው ቢበሉ ምን አለበት?»

ብዙ አለበት። ፈንግል የመንደሩን ዶሮ እንዴት እንደሚጠርግ ጅማ ውስጥ ዶሮ ያረባ ያውቃል። እርግቦችና ሌሎች የዱር ወፎች ቫይረሱን ሊይዙ ይችላሉ፤ በጋራ መመገቢያ ወዲያና ወዲህ ይተላለፋል። የወፎቹን እህል ዶሮ በማይደርስበት ከፍታ አድርጉት። ዶሮዎቹን አስከትቡ። የወፎቹን ዕቃ በየሳምንቱ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡ፣ አለቅልቁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ። እጃችሁንም ታጠቡ። የታመመች ወፍ ካያችሁ ለሁለት ሳምንት መመገብ አቁሙ፤ ይበተኑ።

«ጥንብ አንሳ ሞልቷል፤ አይጠፋም»

ቄራ አካባቢ ስለምናየው ነው እንዲህ የምንለው። ፊቱ ቀላ ያለው ትንሹ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ደረጃ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመድቧል። ከሚፈጁት ነገሮች ዋናው ለጅብና ለውሻ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ ነው። ግቢ ውስጥ ሥጋ መወርወር ግን አይረዳውም፤ የሚመጣው ጭልፊት ነው፣ ቀጥሎ የሚነጥቀው ጫጩት ነው።

«የሰው እጅ የነካትን ጫጩት እናቷ ትተዋታለች»

አትተዋትም። ላባ ያልለበሰች ከጎጆ ከወደቀች ቀስ ብላችሁ መልሷት። ላባ ለብሳ መሬት ላይ የምትዘል ከሆነ መብረር እየተማረች ነው፤ ድመቱን አስሩና ተዉአት። ዳቦ በወተት ነክራችሁ አታጉርሷት። እህል የሚበሉት ወፎች እንኳ አብዛኞቹ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በነፍሳት ነው። ጓሮው ጎመን ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ አባ ጨጓሬውን ሲጨርስ የጫጩቷን ምግብም አብሮ ይጨርሳል፤ ያን ጊዜ የምትበትኑት ኑግ አይተካውም።